አሮጌው አልቆ አዲሱ ሳይደርስ

(ደብረ ማርቆስ ላይ ካደረግሁት ንግግር ለንባብ የተዘጋጀ። ድግግሞሹን ቀንሻለሁ፤ በመጨረሻ ከተነሡት ጥያቄዎች ጥቂቶቹን አስገብቻለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። እናቶች፣ አባቶች፣ ተማሪዎች፣ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። የሰሞኑን መንገድ ታውቁታላችሁ። በዚህ ጊዜ ስለ ሕግ ለመስማት ብሎ ከቤት የሚወጣ ሰው መኖሩ ራሱ ደስ ይላል።

የተሰጠኝ ርዕስ “ሕገ መንግሥቱ ከሥሩ ቢቀየር ምን ይመጣል?” የሚል ነው። ጥያቄው አዲስ አይደለም። የሀገራዊ ምክክር ኮሚሽን በ2014 ዓ.ም ከተቋቋመ ወዲህ ግን በየካፌው፣ በየለቅሶ ቤቱ፣ በየማኅበሩ ይነሣል። አንዱ “ይቀደድ!” ይላል። ሌላው “አንዲት ቃል አትነካም” ይላል። ሁለቱም የሚከራከሩት ወረቀቱ ምን ይበል በሚለው ላይ ነው። እኔ ዛሬ ማውራት የምፈልገው በሁለቱ ወረቀቶች መካከል ስላለው ጊዜ ነው።

የገበሬ ልጅ የሆነ ሁሉ ነሐሴን ያውቃል። የአምናው እህል ከጎተራ አልቋል። የዘንድሮው ማሳ ላይ ገና አረንጓዴ ነው። ቤተሰብ የሚቸገረው እዚያ መሃል ነው። ሕገ መንግሥት ሲቀየርም እንዲህ ያለ ነሐሴ አለው። የእኛን አገር ታሪክ ሳየው፣ ብዙውን ጉዳት ያደረሰው የአዲሱ ሕግ ክፋት ወይም የአሮጌው ድክመት አይመስለኝም። ያ መሃል ነው የፈጀን።

ከራሳችን አገር፣ ከጎጃም ልጀምር።

የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም ወጣ። 55 አንቀጾች ነበሩት። ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ መሠረት ያደረጉት የጃፓንን የሜጂ ዘመን ሕገ መንግሥት ነው። ሁለት ምክር ቤት ተቋቋመ። ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ ግን የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱን አባላት መኳንንቱና ሹማምንቱ እንዲመርጡ ተባለ። ለጎጃም ትልቁ ነገር እሱ አልነበረም። ዙፋኑ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘር እንዳይወጣ ተደነገገ፤ ሥልጣንም ወደ መሃል ተሰበሰበ። ጎጃምን ይገዛ የነበረው የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማየት ብዙ አልጠበቀም። በ1924 ዓ.ም ከዙፋን የወረዱት ልጅ ኢያሱ ከታሰሩበት ከፍቼ ሲያመልጡ የተክለ ሃይማኖት ልጅ፣ የጎጃሙ ገዢ ራስ ኃይሉ እጃቸው አለበት ተብለው ተያዙ። ጎጃም ለራስ እምሩ ተሰጠ። ለራስ ኃይሉ ጠበቃ ልቆም አይደለም፤ ግብር በማብዛት የታወቁ ሰው ነበሩ። ሕዝቡ ግን አዲስ ሕግ መውጣቱን ያወቀው ጽሑፉን አንብቦ እንዳልሆነ ልብ በሉልኝ። ሹሙ ሲቀየር ነው ያወቀው።

ሁለተኛው ነገር የ1960ው ነው። ብዙዎቻችሁ ከአባቶቻችሁ ሰምታችሁታል።

የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ1948 ዓ.ም ወጥቶ ነበር። ሕዝቡ እንደራሴውን በቀጥታ እንዲመርጥ ፈቀደ፤ በ1949 ምርጫ ተደረገ። እንግዲህ በሕግ አግባብ ከሆነ ሁሉም ነገር ተሟልቷል። የተመረጠ ምክር ቤት አለ፣ አዋጅ ይወጣል፣ ጋዜጣ ላይ ይታተማል። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅም በዚህ መንገድ ወጣ። ዛሬ ስታነቡት ያን ያህል ክፉ አይደለም። የቆየውን አሥራት አስቀርቶ ገበሬው በገቢው ልክ እንዲከፍል የሚል ነው። በወረቀት ደረጃ እንዲያውም ለድሃው ይሻላል።

ሞጣ፣ ቢቸና፣ ዳሞት ግን ተነሡ። ገማች ተብለው የመጡትን አባረሩ። ገበሬው የፈራው ብሩን ብቻ አልነበረም። ዛሬ ይገምታሉ፣ ነገ ቀላድ (የመሬት መለኪያ ገመድ) ይጥላሉ፣ ከነገ ወዲያ ርስቴን ይወስዳሉ አለ። ከጣሊያን መውጣት በኋላም የመሬት ልኬታን ጉዳይ በጦር ነበር የተከራከረበት፤ ነገሩን ያውቀዋል። መንግሥት ጦር ላከ። አውሮፕላን ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ ያፈገፈገው ግን መንግሥት ነው። ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ፤ ውዝፉ ግብር ተሰረዘ።

ይህን ታሪክ ስንተርክ ጀግንነቱን እናበዛለን። እኔ ከውስጡ የማወጣው ሌላ ነገር አለ። ያ ገበሬ አዋጁን አንቀጽ በአንቀጽ አልመረመረም። የመረመረው ያመጡትን ሰዎች ነው። ከሰዎቹ ጋር የቆየ ቂም ነበረው፤ ስለዚህ ጥሩውንም አንቀጽ በክፉ ተረጎመው። ነገ አዲስ ሕገ መንግሥት ይዞ የሚመጣ ወገንም፣ የትኛውም ይሁን፣ የሚነበበው እንዲሁ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ነሐሴ።

በ1966 ክረምት አንድ ረቂቅ ሕገ መንግሥት ተዘጋጅቶ ነበር። ንጉሡ በስም ይቀሩና ሥልጣኑ ለተመረጠ መንግሥት ይሰጣል የሚል። ያስታወሰው ሰው ጥቂት ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ደርግ ንጉሡን አወረደ፣ የ1948ቱን ሕገ መንግሥት አገደ፣ ፓርላማውን በተነ። ረቂቁም መሳቢያ ውስጥ ቀረ። ኅዳር 14 ሌሊት ወደ 60 የሚሆኑ ሰዎች፣ አብዛኞቹ የንጉሡ ባለሥልጣናት፣ ያለ ፍርድ ተገደሉ። ቀይ ሽብርም የሆነው በዚሁ ባዶ ጊዜ ነው። ኢትዮጵያ 13 ዓመት ያህል ሕገ መንግሥት አልነበራትም። በአዋጅ ብቻ ተገዛች።

ወረቀት ጥይት ያቆማል እያልኩ አይደለም። ያቆማል ብዬ ብነግራችሁ እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ይስቅብኛል። ግን ነገሩን ከገዳዩ በኩል እዩት። አሮጌው ሕግ “ታግዷል”፣ አዲሱ “ገና ነው”። በዚያ መሃል ለሚያዝዝ ሰው “በየትኛው ሥልጣንህ?” የሚለው የለም። ደግሞ ጊዜያዊ ተብሎ የመጣ መንግሥት ያንን ጊዜ ለማሳጠር የሚቸኩልበት ምንም ምክንያት የለውም። ደርግ ጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር ነኝ ብሎ ነበር የጀመረው።

ፍትሐዊ ልሁን። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ነው ተብሎ የታወጀውም በዚሁ ባዶ ጊዜ ነው። በደቡቡ ለጭሰኛው ያ ቀን ነፃነት ነበር። ርስተኛ የሆነው የጎጃም ገበሬ ግን ሌላ ስሜት ነበረው። ትልቅ ለውጥ ሁሉንም ሰው እኩል አያስደስትም፤ እኩል አይጎዳምም።

ስለዚህ ዘመን አንድ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ነገር አለ። ሕገ መንግሥቱ ሲወድቅ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አልወደቀም። 3367 አንቀጽ ያለው ያ ወፍራም መጽሐፍ በንጉሡ ዘመን ወጣ፣ በደርግ ዘመን ሠራ፣ በኢሕአዴግም ሠራ። የመሬቱ ክፍል ተሽሯል፣ የቤተሰቡም ተተክቷል፤ ውል ግን ዛሬም ፍርድ ቤት የሚዳኘው በእሱ ነው። ብድር ተበድሮ የካደ ሰው ንጉሡ ወርደዋልና ዕዳዬም ወርዷል ማለት አልቻለም። ተራው ሰው በእነዚያ ዓመታት የተያያዘው በዚህ ነው። ስለ አብዮት ሲወራ ግን ማንም አያነሣውም፤ ምክንያቱም አይፎክርም።

ደርግ በመጨረሻ በ1979 ሕዝበ ውሳኔ አድርጎ በመስከረም 1980 ኢሕዲሪ የሚባል ሪፐብሊክ መሠረተ። ብሔራዊ ሸንጎ መጣ። አንዱ ጎጃም ክፍለ ሀገር ምሥራቅ ጎጃም፣ ምዕራብ ጎጃምና መተከል ተብሎ ተከፈለ። ሕገ መንግሥቱ አራት ዓመት ሳይሞላው ከነሠሪው ሄደ። ስለ እሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

የ1983ቱ መሃል ግን ያስወራል። ያን ክረምት አዲስ አበባ ላይ ጉባኤ ተጠራ፣ 20 አንቀጽ ያለው የሽግግር ቻርተር ጸደቀ። ከደርጉ 13 ዓመት ጋር ሲተያይ ይህ አጭር ነው፤ ቢያንስ ቻርተር ነበረ። ችግሩ የነበረው በወንበሮቹ ላይ ነው። በአብዮቱ ዘመን ትልልቅ የነበሩት ፓርቲዎች፣ ኢሕአፓና መኢሶን፣ አልነበሩም። አማራን ወክያለሁ ብሎ የመጣ ራሱን የቻለ ድርጅት አልነበረም፤ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ተገኝተው የተናገሩት ዩኒቨርሲቲውን ወክለው ነው። ዛሬ ሠላሳ ምናምን ዓመት አልፎ ስለ ሕገ መንግሥቱ ሲወራ መጀመሪያ የምትሰሙት ቅሬታ “እኛ አልነበርንም” የሚለው ነው። አንቀጹ ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚለው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ከጠረጴዛው የቀረ ሰው ያልቀመሰውን ወጥ ጨው በዝቶበታል ቢል አትፍረዱበት።

የቀድሞው ጦር በአንድ ጊዜ ተበተነ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ወታደር ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ወደ አገሩ በእግሩ ገባ። በየከተማው ሲለምን ያየነው ወታደር የዚያ ውሳኔ ውጤት ነው። ኢራቅ ውስጥ አሜሪካኖች በ2003 እ.ኤ.አ. ጦሩን ሲበትኑ የተበተነው ሰው ጠመንጃውን ይዞ ወደ አመፅ ገባ። እኛ ዘንድ ያን ያህል አልሆነም፤ የወታደሩ ጨዋነት ይመስለኛል።

ካርታውም ተቀየረ። ጎጃም የሚባል ክፍለ ሀገር ከካርታ ወጣ። መተከል ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሄደ። የክልሉ ሕገ መንግሥት በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞን የክልሉ ባለቤት ብሎ ሰየመ፤ እዚያ ተወልዶ ያደገው አማራ፣ አገውና ኦሮሞ ሌላ መደብ ውስጥ ገባ። በ2013 መተከል ላይ የፈሰሰውን ደም ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ያ ሁሉ ከአንድ አንቀጽ መጣ አልልም። መሬት፣ ኢንቨስትመንት፣ ፖለቲከኛ፣ መሣሪያ፣ ብዙ ነገር አለበት። ነገር ግን ድንበር ሲሰመር የተጻፈ አንድ ዓረፍተ ነገር ከ25 ዓመት በኋላ ጎረቤት ከጎረቤት የሚለይበት ሆነ።

የአሁኑ ሕገ መንግሥት ኅዳር 29 ቀን 1987 ጸደቀ፤ ነሐሴ 15 ሥራ ላይ ዋለ። አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ገበሬውም በነፃ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት አለው ይላል። ሁለት ዓመት ሳይቆይ፣ በ1989፣ እዚሁ ምሥራቅና ምዕራብ ጎጃም ላይ መሬት እንደገና ተሸነሸነ። “ቢሮክራት” እና “ፊውዳል” የተባለው ሰው አራት ጥማድ (አንድ ሄክታር ገደማ) ተተወለት። ለሌላው እስከ አሥራ ሁለት ጥማድ ይፈቀድ ነበር። ቢሮክራት የተባለው ደግሞ ሚኒስትር እንዳይመስላችሁ፤ በደርግ ጊዜ የቀበሌ ሊቀ መንበር ወይም የሚሊሻ ኃላፊ የነበረ ገበሬ ነው። መሬት ያገኙ ሴቶችና ወጣቶች ነበሩ፣ ይህም እውነት ነው። አቤት ለማለት አዲስ አበባ ድረስ የሄዱም ነበሩ።

እንግዲህ እንዲህ ካያችሁት ጎጃም በአንድ ምዕተ ዓመት ውስጥ ሕገ መንግሥት ሲቀያየር የደረሰበት ነገር ሁሉ በሦስት በር ነው የገባው። በሹም፣ በመሬት፣ በድንበር። 

አሁን ከሥሩ ይቀየር ለሚለው ወንድሜ አንድ ነገር ላሳየው። አብዛኛው ሰው የሚናደድበት አንቀጽ 39 ነው፤ መገንጠልን የሚፈቅደው። እሺ። አንቀጽ 39 የሚገኘው ምዕራፍ ሦስት ውስጥ ነው። ምዕራፍ ሦስትን ለማሻሻል አንቀጽ 105 ከባድ ቁልፍ አድርጎበታል። ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች፣ ዛሬ 12 ናቸው፣ እያንዳንዳቸው በድምፅ ብልጫ መስማማት አለባቸው። የተወካዮች ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም በሁለት ሦስተኛ። አንድ ክልል እምቢ ካለ ቀረ። ስለዚህ ሰው ይሰለቻል። “በዚህ መንገድ መቼም አይሆንም፣ በሌላ መንገድ ይሁን” ይላል።

ግን በዚያው ምዕራፍ ሌላ ምን አለ? አንቀጽ 40 አለ፣ የመሬቱ። አንቀጽ 19 አለ፣ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ፍርድ ቤት ይቅረብ የሚለው። አንቀጽ 18 አለ፣ ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው። ቁልፉ አንድ ነው። 39ን ለማውጣት ብሎ ቁልፉን የሰበረ፣ 19ኝንም 40ንም ለሚቀጥለው ባለጉልበት ክፍት ትቶለት ይሄዳል። የሚቀጥለው ባለጉልበት ማን እንደሆነ ደግሞ ዛሬ የሚያውቅ የለም። የእኛ ወገን ይሆናል ብሎ የሚምል ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

(እዚህ ጋ ሳቅ ነበር። እጁን ያወጣ ግን አልነበረም።)

እኔ ራሴ ቢጠይቁኝ ከ39 በፊት 93ን ነው የምነካው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን አንቀጽ። በአስቸኳይ ጊዜ የማይታገዱትን ይዘረዝራል። የአገሪቱ ስም፣ አንቀጽ 18፣ የእኩልነት መብት፣ ከ39 ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ንዑስ አንቀጾች። መገንጠል አይታገድም ማለት ነው። በ48 ሰዓት ፍርድ ቤት መቅረብ ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም። በሐምሌ 2015 የታወጀው አዋጅ አሥር ወር ያህል ሲቆይ ልጁ ተይዞበት ከጣቢያ ጣቢያ የተንከራተተ አባት ይህን ያለ እኔ ማብራሪያ ያውቀዋል። ይህን ለማስተካከል አገር መፍረስ የለበትም።

ከፕሬዚዳንታዊና ከፓርላሜንታዊ የቱ ይሻላል የሚለውን ዛሬ አልገባበትም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሥልጣን ዘመን ገደብ እንደሌለበት ብቻ ልብ በሉ፤ ገደብ ያለው ፕሬዚዳንቱ ነው፣ ብዙም ሥልጣን የሌለው።

መሃሉን በደህና የተሻገሩ አሉ ወይ? አሉ። ደቡብ አፍሪካ።

እነሱ ከአፓርታይድ ሲወጡ አንድ ጊዜ ዘለው አልተሻገሩም። በ1993 እ.ኤ.አ. ጊዜያዊ ሕገ መንግሥት አወጡ። በውስጡ 34 መርሆችን አስቀመጡ፤ የሚመረጠው ጉባኤ ዋናውን ሲጽፍ ከእነዚህ እንዳይወጣ። ነባር ሕጎች በግልጽ እስኪሻሩ ይጸናሉ ተባለ። የነጮቹ መንግሥት ሠራተኞች ሥራቸው እንዲቆይላቸው ተስማሙ፤ ይህን መዋጥ ለማንዴላ ደጋፊዎች ቀላል አልነበረም። ከዚያ በ1996 ጉባኤው ጽፎ ጨረሰ። አዲስ የተቋቋመው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ግን ረቂቁን አይቶ “ከመርሆቹ ጋር አይሄድም” ብሎ መለሰው። የማንዴላን ጉባኤ! ጉባኤውም አስተካክሎ መለሰለት። በየካቲት 1997 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ዋለ። ደቡብ አፍሪካ ዛሬ ሥራ አጥነትም ወንጀልም አለባት፤ ሕገ መንግሥት እንጀራ አይጋግርም። መሃሉ ላይ ግን ሕግ የሌለበት አንድ ቀን አልነበራቸውም።

ኬንያም በ2010 እ.ኤ.አ. ቀየረች፤ ከሺ ሰው በላይ ከሞተበት የምርጫ ግጭት በኋላ። ዳኞቿን ሁሉ አንድ በአንድ መረመረች። በ2017 ያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፕሬዚዳንት ምርጫ ሰረዘ። ፕሬዚዳንቱ ሕገ መንግሥቱን እንደገና ለመቀየር ሲሞክሩም ፍርድ ቤት አስቆማቸው።

ቺሊ ደግሞ ሌላውን ጎን ታሳያለች። በ2020 እ.ኤ.አ. 78 በመቶ የሚሆነው ድምፅ ሰጪ አዲስ ይጻፍ አለ። 388 አንቀጽ ተጻፈ። በ2022 ሕዝቡ 62 በመቶ ሆኖ ጣለው። የግራዎቹ በዝቶበታል ተብሎ ሌላ ተጻፈ፣ የቀኞቹ በዝቶበት በ2023 እሱም ተጣለ። ዛሬም የሚሠሩት ፒኖቼ በ1980 ባወጣው፣ ብዙ ጊዜ በተሻሻለው ነው። “ይቀየር” በሚለው መስማማት በምን ይተካ ላይ መስማማት ማለት አይደለም። ሆኖም አሮጌው እስከ መጨረሻው ሥራ ላይ ስለነበር ሁለት ጊዜ ሲከሽፉ አገር አልተናጋም።

ይህን ይዤ ወደ ጥያቄዎቹ ልሂድ።

አንድ ተማሪ “መምህር፣ ጦርነት ባለበት ስለ ሽግግር አንቀጽ ማውራት ቅንጦት አይሆንም ወይ?” አለኝ። በተቃራኒው ነው የማየው። ጦርነት ሲያልቅ ሁሉም ይቸኩላል። አሸናፊ ካለ እሱ የፈለገውን ይጽፋል፤ ከሌለ ደግሞ የደከመው ሁሉ በቀረበለት ላይ ይፈርማል። ደቡብ አፍሪካውያን የተነጋገሩት እየተገዳደሉ ነው። ነባር ሕግ ይጽና፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ ይጽና፣ የማንም ይዞታ እስከ አዲሱ ምክር ቤት ድረስ አይነካ፣ ጊዜያዊው መንግሥት የሚያበቃበት ቀን ይጻፍ። እነዚህን አራቱን ለመስማማት 39 ላይ መስማማት አያስፈልግም።

አንድ አባት ተነሥተው “ልጄ፣ መተከልስ?” አሉ። ሌላ አልጨመሩም። ሕጉ ያለውን ነገርኳቸው። በአንቀጽ 48 መሠረት የወሰን ጥያቄ መጀመሪያ በክልሎቹ ስምምነት ይፈታል። ካልተስማሙ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሕዝቡን አሰፋፈርና ፍላጎት አይቶ ይወስናል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ። “ይህ ተሠርቶበት ያውቃል ወይ?” ብለው ጠየቁኝ። በወሰን የተነሣ የሞተውን ሰው ብዛት ያየ መልሱን ያውቀዋል አልኳቸው። አሮጌውን ሕግ ከመቀየር በፊት አንድ ጊዜ እንኳ በትክክል መሞከር የሚባል ነገርም አለ። አባታችን ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በመስማማት ይሁን በመሰልቸት አልለየሁም።

የመጨረሻዋን ጥያቄ ያነሡት ከጎዛምን የመጡ እናት ናቸው። “እኔ የማውቀው የመሬት ደብተሬን ነው። መንግሥት ቢቀየር እሱ ምን ይሆናል?” አሉ። ከሁሉም የተሻለው ጥያቄ ይህ ነበር። በክልላችን የይዞታ ደብተር ሙከራ ከተጀመረባቸው ቦታዎች አንዱ ጎዛምን ነው። ደብተሩ የሚጸናው ወይም የሚወድቀው ቅድም ባልኩት የሽግግር አንቀጽ ነው አልኳቸው። “ነባር ይዞታ ይጸናል” የሚል ከተጻፈ ይጸናል። ካልተጻፈ በ1989 እንደሆነው ሰው መጥቶ እንደገና ሊሸነሽን ይችላል።

“እስከዚያው ምን ላድርግ?” አሉኝ።

“እናቴ፣ እስከዚያው ደብተሩን ኮፒ ያስነሡት። ስምዎና የማሳዎ አዋሳኝ ከመዝገቡ ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ። ቢሮ ሲዘረፍ ወይም ሲቃጠል መጀመሪያ የሚጠፋው መዝገብ ነው። ኮፒውን ከሩቅ ያለ ልጅዎ ዘንድ ያስቀምጡ።”

“የኔ ልጅ፣ ልጆቼ ሁሉ እዚሁ ናቸው” አሉ።

“እንግዲያው ፎቶ አንሥተው በቴሌግራም ይላኩት። ኔትወርክ ያለ ቀን።”